ሙዝም ኤሊም ያልሆነው እንስሳ፦ ስለ ሙስ አካልና ጠባይ ለወጣቶች የቀረበ ንግግር

ውድ ልጆች፣ የተከበራችሁ ወላጆች፦

ስለዚህ እንስሳ መናገር ስጀምር ሁልጊዜ አስቀድሞ የሚያስቸግረኝ ስሙ ነው። በዚህ በስዊድን የሚያድግ አንድ የዘመዴ ልጅ ከትምህርት ቤት የጫካ ጉዞ ተመልሶ «እማማ፣ ዛሬ ኤልይ አየን፤ ጭንቅላቱ ከአውቶቡሱ መስኮት ጋር እኩል ነበር» ብሎ ለአያቱ ሲነግራቸው፣ ከአዲስ አበባ ከመጡ ገና ሁለተኛ ሳምንታቸው የነበረው አያት «ኤሊ» ያላቸው መሰላቸውና «በፈረንጅ አገር ኤሊውም እንዲህ ያድጋል?» ብለው አማተቡ። በአሜሪካ የሚኖሩ ዘመዶቻችን ደግሞ «ሙስ መንገድ ዘጋብን» ብለው ወደ አገር ቤት ሲደውሉ ሰሚው ስለ ሙዝ የሚያወሩ ይመስለዋል። ስዊድኖች ኤልይ፣ አሜሪካኖችና ካናዳውያን ሙስ የሚሉት እንስሳ ግን አንድ ነው፤ የሳይንስ ስሙም አልሴስ አልሴስ ይባላል። ሙስ የሚለው ቃል የመጣው በሰሜን አሜሪካ ምሥራቅ ከሚኖሩ ነባር ሕዝቦች፣ የአልጎንኪን ቋንቋዎችን ከሚናገሩት ዘንድ ሲሆን፣ ቅርፊትና ቀንበጥ እየላጠ የሚበላ እንደ ማለት ነው። ባለቤቶቹ ስሙን ያወጡለት ሲበላ አይተው ነውና እኔም ዛሬ ሙስ እያልሁ እጠራዋለሁ።

አንዳንድ መዝገበ ቃላት «አጋዘን» ብለው ይተረጉሙታል። አጋዘን ግን በአገራችን ጠመዝማዛ ቀንድ ያለው፣ ከድኩላና ከኒያላ ጋር የሚዛመድ ሌላ እንስሳ ነው። ሙስ የሚመደብበት ቤተሰብ በኢትዮጵያ ምድር ላይ የለም፤ ከአፍሪካ ሁሉ በተፈጥሮ የሚገኘው በሰሜኑ ጫፍ፣ በአልጄሪያና በቱኒዚያ ብቻ ነው። በመጽሐፍ ቅዱስ «ዋላ ወደ ውኃ ምንጭ እንደሚናፍቅ» ሲባል የምንሰማው ዋላ ለዚህ ቤተሰብ ይቀርባል። ስለዚህ ሙስን ለአያቱ ማስረዳት የፈለገ ልጅ «ዋላ ነው፤ ግን ከዋላዎች ሁሉ የሚገዝፈው» ቢላቸው ከእውነቱ አይርቅም።

ምን ያህል ይገዝፋል? በአላስካና በካናዳው ዩኮን የሚኖረው ወንድ ሙስ ከመሬት እስከ ትከሻው 2 ሜትር ያህል ይቆማል፤ ይህም ማለት በዚህ አዳራሽ በር ላይ ቢቆም ትከሻው ጉበኑን ይነካል፣ አንገቱ፣ ጭንቅላቱና ቀንዱ ደግሞ ከዚያ በላይ ይሆናሉ። ክብደቱ ከ600 ኪሎ ግራም አልፎ እስከ 700 ሊደርስ ይችላል፤ ከአንድ ጥሩ የእርሻ በሬ እጥፍ በሉት። የስካንዲኔቪያው ሙስ ከዚህ ያንሳል፤ ቢሆንም ከአንድ ትልቅ ፈረስ የሚተናነስ አይደለም። ትከሻው ላይ እንደ ሻኛ ከፍ ያለ ነገር ይታያል፤ ከባዱን ጭንቅላትና ቀንድ የሚሸከመው ጡንቻ የሚገኘው እዚያ ነው።

ይህ ግዝፈት አንድ ጊዜ የሁለት አገሮች የክብር ጉዳይ ሆኖ ነበር። በ18ኛው ክፍለ ዘመን ቡፎን የተባለ ታላቅ የፈረንሳይ የተፈጥሮ ተመራማሪ፣ የአሜሪካ አየር ቀዝቃዛና እርጥብ ስለሆነ እዚያ የሚኖሩ እንስሳት ከአውሮፓዎቹ ያነሱና የደከሙ ናቸው ብሎ ጻፈ፤ እርሱ ራሱ ግን አሜሪካን ረግጦ አያውቅም ነበር። በዚያን ጊዜ በፓሪስ የአሜሪካ መልእክተኛ የነበረውና በኋላ ፕሬዚዳንት የሆነው ቶማስ ጄፈርሰን ይህን በክርክር ብቻ መርታት እንደማይችል ስላወቀ፣ በኒው ሃምፕሻየር ለነበረው ለጄኔራል ጆን ሱሊቫን ደብዳቤ ጽፎ አንድ ትልቅ ሙስ እንዲልክለት ለመነው። እንስሳው በክረምት በረዶ ውስጥ ተገድሎ፣ ቆዳውና አጥንቱ በመርከብ ተጭኖ፣ እ.ኤ.አ. በ1787 ፓሪስ ደረሰ። ፀጉሩ መርገፍ ጀምሮ ነበር፤ አብሮት የተላከውም ቀንድ የራሱ አልነበረም። ያም ሆኖ ቁመቱ ብቻ ክርክሩን ለመዝጋት በቂ ነበረ። ጄፈርሰን እንደሚለው ቡፎን ስሕተቱን በቀጣዩ መጽሐፉ ሊያርም ቃል ገብቶ ነበር፤ ነገር ግን በሚቀጥለው ዓመት አረፈ። እኔን የሚገርመኝ ቡፎን መሳሳቱ አይደለም፤ ስለዚህ እንስሳ ሳያዩት የተናገሩ ሰዎች ብዛት ነው።

ከእነርሱ መካከል የመጀመሪያው ዝነኛ ሰው ዩልየስ ቄሣር ይመስለኛል። ከክርስቶስ ልደት በፊት በነበረው የመጨረሻው ክፍለ ዘመን፣ በጀርመን ደኖች ውስጥ ስለሚኖር «አልኬስ» ስለሚባል እንስሳ ሲጽፍ፣ እግሮቹ መጋጠሚያ የላቸውም፣ ስለዚህም ሊተኛ አይችልም፣ ከወደቀም አይነሣም፤ የሚያርፈው ዛፍ ተደግፎ ሲሆን አዳኞችም ዛፉን አስቀድመው ከሥሩ ቆርጠው ይተዉታል፣ እንስሳው ሲደገፈው አብረው ይወድቃሉ ብሏል። ልጆች፣ ይህ ጨዋታ ነው። ሙስ ጉልበት አለው፤ እንዲያውም ከብዙ እንስሳት በበለጠ ይጠቀምበታል። እግሩ እጅግ ረጅም፣ አንገቱ ግን አጭር ስለሆነ ከመሬት ላይ ያለ አጭር ሣር ለመብላት ሲፈልግ የፊት እግሮቹን አጥፎ ይንበረከካል። ሲያርፍም እንደ ላም ተኝቶ ያመሰኳል።

እነዚያ ረጃጅም እግሮች የተሠሩት ለበረዶና ለረግረግ ነው። ሌሎች ዋላዎች ደረታቸው ድረስ ሰምጠው በሚቀሩበት በረዶ ውስጥ ሙስ እግሩን ከፍ እያደረገ፣ ውኃ ውስጥ እንደሚሄድ ሰው ቀስ ብሎ ያልፋል። ሰኮናው ሁለት ጣቶች አሉት፤ ለስላሳ መሬት ሲረግጥ ጣቶቹ ተከፍተው ይሰፋሉ፤ ከኋላ ያሉት ሁለት ትናንሽ ጣቶችም መሬት ነክተው ክብደቱን ይካፈላሉ፤ በዚህም ምክንያት እንዲያ ያለ ግዙፍ አካል ጭቃ ውስጥ እንደ ድንጋይ አይሰምጥም። ደረቅ መሬት ላይ ደግሞ ሲያስፈልገው በሰዓት እስከ 55 ኪሎ ሜትር ይሮጣል፤ ያም በከተማ መንገድ ላይ ከሚሄድ መኪና ጋር እኩል ነው።

መኪና ካነሣሁ ዘንድ ስለ መንገድ አንድ ነገር ልበል፤ ይህኛው ለወላጆችም ጭምር ነው። ሙስን በጣም አደገኛ የመንገድ እንስሳ የሚያደርጉት እነዚሁ እግሮች ናቸው። መኪና ላም ወይም አህያ ሲገጭ ግጭቱ በአብዛኛው ከፊት ባለው ብረት ላይ ያርፋል። ሙስን ሲገጭ ግን የመኪናው አፍንጫ እግሮቹን ያጥፋል፤ ብዙ መቶ ኪሎ የሚመዝነው ገላው ደግሞ ከላይ ሆኖ በቀጥታ ወደ መስታወቱና ወደ ተሳፋሪዎቹ ይመጣል። በተጨማሪም ቁመቱ ከመብራቱ በላይ ስለሆነ፣ ፀጉሩም ጥቁር ቡናማ ስለሆነ፣ ሾፌሩ ሲመሽና ሲነጋጋ ዘግይቶ ነው የሚያየው። በስዊድን በየዓመቱ ሺዎች እንዲህ ያሉ ግጭቶች ይመዘገባሉ። ዋና ዋና መንገዶች ዳር ረጃጅም አጥር የተሠራው፣ ቀይ ጠርዝ ያለው ቢጫ የሙስ ምልክትም የተተከለው ለዚህ ነው፤ ቱሪስቶች ምልክቱን ለመታሰቢያ እየነቀሉ መውሰዳቸው ግን ከቀልድ ያለፈ ጥፋት ነው።

አሁን ወደ ፊቱ እንመለስ። ሙስን በፎቶ ያየ ሁሉ የሚስቀው በአፍንጫው ነው፤ ረጅም፣ ወፍራም፣ የላይኛው ከንፈር ከታችኛው አልፎ የተንጠለጠለበት። ሲበላ ያየው ሰው ግን አይስቅም። ያ ከንፈር እንደ ጣት ይሠራል፤ የአኻያውን፣ በርችና አስፐን የሚባሉትን የዚህን አገር ዛፎች ቅርንጫፍ ይዞ ወደ አፉ ካስገባ በኋላ ጭንቅላቱን ወደ ጎን ስቦ ቅጠሉን ሁሉ ሙልጭ አድርጎ ይገፍፈዋል። እንደ ላምና እንደ በግ የላይኛው ድዱ ፊት ለፊት ጥርስ የለውም፤ በጥርሱ ፈንታ ጠንካራ ድድ አለውና የታችኞቹን ጥርሶች ከእርሱ ጋር እያጋጠመ ይቆርጣል። የበላውን ወደ ሆዱ ከላከ በኋላ ወደ ጥላ ሄዶ ይተኛና ያመሰኳል። በበጋ በቀን እስከ 25 ኪሎ ግራም ቅጠልና ቀንበጥ ሊበላ ይችላል፤ በጋ የምላችሁ የዚህን አገር በጋ፣ ማለት በእኛ አገር ዝናብ የሚዘንብበትን ሐምሌንና ነሐሴን ነው። በክረምት ቅጠሉ ስለሚረግፍ የደረቀ ቀንበጥና ቅርፊት እየላጠ፣ ካከማቸው ስብ ላይ እየቀነሰ ይሰነብታል። መከር ላይ ደግሞ የወደቀ ፖም ይወዳል። እ.ኤ.አ. በ2011 በምዕራብ ስዊድን፣ በሰሮ በምትባል ቦታ፣ የቦካ ፖም በልቶ ሰክሯል የተባለ ሙስ የፖም ዛፍ ቅርንጫፎች መካከል ተሰንቅሮ ተገኝቶ፣ የእሳት አደጋ ሠራተኞች መጥተው አስለቅቀውታል።

ከሁሉ ይልቅ የምወደው ግን ውኃ ውስጥ ያለውን ሙስ ነው። የአገራችን ከብት አርቢ ላሞቹን ለምን ወደ ሆራ እንደሚነዳ፣ ለምንስ አሞሌ እንደሚያስልሳቸው ያወቀ ሰው ይህን በቀላሉ ይረዳዋል። የዛፍ ቅጠልና ቀንበጥ ጨው የሚሆነው ሶዲየም በጣም ያንሰዋል፤ በሐይቅና በኩሬ ሥር የሚበቅሉ ተክሎች ግን በብዛት ይይዙታል። ስለዚህ ሙስ በበጋ ወደ ሐይቅ ይገባል፤ ጭንቅላቱን ሙሉ በሙሉ ውኃ ውስጥ ነክሮ፣ የአፍንጫውን ቀዳዳዎች ዘግቶ፣ ተክሉን ከሥሩ ይነቅላል። ጥልቀቱ ሲጨምር እስከ 5 ሜትር ያህል ጠልቆ ይበላል። ጀማሪ ተመልካች ሐይቁ ባዶ መስሎት ሳለ በድንገት መሐል ላይ አንድ ግዙፍ ጭንቅላት ውኃ እያንጠባጠበ ብቅ ሲል የሚሰማው ድንጋጤ፣ በአባይ ላይ ጉማሬ ብቅ ሲል ከሚሰማው ብዙ አይለይም። ሲዋኝም ብርቱ ነው፤ ብዙ ኪሎ ሜትር ሳያርፍ ያቋርጣል።

ውኃ የሚወድበት ሌላም ምክንያት አለው፤ ሙቀትን ፈጽሞ አይችልም። ሰውነቱን የሚሸፍኑት ረጃጅም ፀጉሮች ውስጣቸው እንደ ሸምበቆ ክፍት ነው፤ በውስጣቸው የሚቀረው አየር ብርዱን ይከላከላል፤ ከሥራቸውም ሌላ ለስላሳ ፀጉር አለ። እኛ ጋቢ ላይ ብርድ ልብስ ደርበን በምንቀመጥበት ብርድ እርሱ ተመችቶት ይተኛል። በካናዳ በአልበርታ የተደረገ ጥናት እንዳመለከተው፣ በክረምት ፀጉሩ ላይ ሳለ አየሩ ከዜሮ በታች 5 ዲግሪ ካለፈ፣ በበጋ ደግሞ 14 ዲግሪ ካለፈ፣ ሙስ በሙቀት መጨነቅ ይጀምራል። አስቡት ልጆች፣ የአዲስ አበባ የቀትር አየር ለእርሱ በረሃ ነው። ክረምቱ እያጠረ ሲሄድ ደግሞ መዥገር ይበዛል። በሰሜን አሜሪካ በአንድ ሙስ ላይ በአስር ሺዎች የሚቆጠር የክረምት መዥገር ሊሰፍር ይችላል፤ እንስሳው እከኩን ለማስታገሥ ከዛፍ ጋር ሲታሽ ፀጉሩ ይመለጥና የተሰበረው ፀጉር ብቻ ይቀራል። በሩቅ ሲታይ ነጣ ስለሚል ሰዎች «መንፈስ ሙስ» ይሉታል። ደሙን የጨረሱበት ግልገል ጸደይ ሳይገባ ይሞታል። ተኩላና ድብ ሙስን እንደሚበሉ ሁሉም ልጅ ያውቃል፤ ከእነርሱ ይልቅ ግን እኔን የሚያስፈራኝ ይህ የአንድ ጥፍር ያህል የማያክል ጠላት ነው።

ተኩላን በተመለከተ አንድ ደሴት ብቻ ልጥቀስ። በአሜሪካ በሱፒሪየር ሐይቅ ውስጥ አይል ሮያል የሚባል ደሴት አለ፤ ሙሶች በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ላይ ደረሱበት፣ ተኩላዎች ደግሞ ከ40 ዓመት ገደማ በኋላ በረዶ በሆነው ሐይቅ ላይ ተራምደው ተከተሏቸው። ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. ከ1958 ጀምሮ ሁለቱን ሲቆጥሩ ኖረዋል። ካዩት ነገር አንዱ፣ ተኩላ በአብዛኛው የሚጥለው ግልገሉንና ያረጀውን እንጂ ጎልማሳውን አለመሆኑ ነው፤ ጎልማሳ ሙስ ቆሞ ከጠበቀው መንጋው ብዙ ጊዜ ትቶት ይሄዳል። ዕድሜው ያልገፋ ሙስ የፊት እግሩ ምት የተኩላን ጎድን ይሰብራል።

ያን ምት ሰውም መፍራት አለበት። ሙስ በጠባዩ ብቸኛ ነው፤ እንደ ዝሆን ወይም እንደ ጎሽ በመንጋ አይኖርም፤ ዝምታ ይወዳል፤ ሰው ሲያይም በአብዛኛው ቆሞ ተመልክቶ ዞሮ ይሄዳል። ይህ ዝምታው ግን ያታልላል። በአላስካ በየዓመቱ ከድብ ይልቅ በሙስ የሚጎዱ ሰዎች ይበልጣሉ። ጆሮዎቹን ወደ ኋላ ከለጠፈ፣ የሻኛው ፀጉር ከቆመ፣ ከንፈሩን መላስ ከጀመረ ተቆጥቷል ማለት ነው። ያን ጊዜ መሮጥ ነውር አይደለም፤ ትልቅ ዛፍ ፈልጋችሁ ከበስተጀርባው ቁሙ፤ እርሱ በዛፍ ዙሪያ እንደ እናንተ ቶሎ ቶሎ መዞር አይችልም። ውሻ ይዛችሁ ከሆነ ደግሞ ይበልጥ ራቁ፤ ሙስ ውሻን ከተኩላ ለይቶ አያይም።

ከሁሉ የምትቆጣው ግልገል ያላት እናት ናት። ለስምንት ወር ያህል አርግዛ በግንቦት ወይም በሰኔ ትወልዳለች፤ መንታ መውለድም የተለመደ ነው። ግልገሉ ሲወለድ ቀላ ያለ፣ እግሩ ከሰውነቱ የማይመጣጠን፣ ክብደቱም ከ11 እስከ 16 ኪሎ ግራም የሚሆን ሲሆን፣ በጥቂት ቀናት ውስጥ እናቱን ተከትሎ መሮጥና መዋኘት ይጀምራል። ወተቷ የሰባ ስለሆነ ግልገሉ በቀን ከ1 ኪሎ በላይ ይጨምራል። (በሩሲያ በኮስትሮማ ክልል እ.ኤ.አ. ከ1963 ጀምሮ ሙስን እንደ ላም የሚያልቡበት እርባታ አለ፤ ወተቱም ለሕሙማን ማገገሚያ ይሄዳል።) ምቹ ቦታ ካገኘ በፍጥነት ይበዛል፤ በካናዳ ወደ ኒውፋውንድላንድ ደሴት እ.ኤ.አ. በ1904 አራት ሙሶች ተወስደው ነበር፣ ዛሬ ከ100 ሺህ በላይ ሆነዋል። ግልገሉ አንድ ዓመት ሙሉ ከእናቱ አይለይም፤ ሌላ ልትወልድ ስትቃረብ ግን በድንገት ትዞርበትና ታባርረዋለች። ልጅ ሳለሁ ይህን ባነብ ኖሮ ባለቅስ ነበር። በጸደይ መንገድ ዳር ግራ ገብቶት ቆሞ የምታዩት ወጣት ሙስ ብዙውን ጊዜ ይህ የተባረረው ነው።

ቀንዱን ለመጨረሻ ያስቀመጥሁት ሆን ብዬ ነው፤ በአማርኛ «ቀንድ» ስንል ሁለት የተለያዩ ነገሮችን በአንድ ስም እንጠራለንና። የበሬ፣ የዋልያ፣ የኒያላ ቀንድ ውስጡ አጥንት፣ ውጭው እንደ ጥፍራችን ያለ ሽፋን ነው፤ ከእንስሳው ጋር አድጎ ከእንስሳው ጋር ይሞታል፤ ዋንጫና መለከት የምንሠራውም ከሽፋኑ ነው። የሙስ ቀንድ ግን እስከ ላይኛው ጫፍ ድረስ አጥንት ብቻ ነው፤ የሚያበቅለው ወንዱ ብቻ ሲሆን፣ በየዓመቱ ወድቆ በየዓመቱ እንደገና ይወጣል። ከሙስ ቀንድ ዋንጫ ልሥራ የሚል ሰው ባዶ እጁን ይቀራል።

ቀንዱ በጸደይ ሲበቅል ከፋይ በመሰለ ለስላሳ ቆዳ ተሸፍኖ ነው፤ በዚያ ቆዳ ውስጥ ደም ይመላለሳል፤ ብትነኩት ይሞቃል። በፍጥነት ሲያድግ በአንድ ቀን 2 ሴንቲ ሜትር ያህል ሊጨምር ይችላል። ለዚህ የሚያስፈልገውን ካልሲየም ከምግቡ ብቻ ስለማያገኝ ከገዛ አጥንቶቹ፣ በተለይ ከጎድኑ፣ ይበደራል፤ በኋላም ይተካዋል። በነሐሴ መጨረሻ ደሙ ይቆማል፤ ከፋዩ ይደርቅና ሙሱ ከቁጥቋጦ ጋር እየታሸ ይገፍፈዋል፤ ለጥቂት ቀናትም ቀንዱ ቀይ ሆኖ፣ የቆዳ ቁራጭ ተንጠልጥሎበት ይታያል። ከዚያ በኋላ የሚወጣው ቅርጽ በትልልቆቹ ላይ የተዘረጋ የሰው መዳፍ ይመስላል፤ ከአንዱ ጫፍ እስከ ሌላው ጫፍ በአላስካ ከ1.8 ሜትር ሊበልጥ፣ ጥንዱም 30 ኪሎ ግራም ሊመዝን ይችላል። የቀንዱን ጣቶች ቆጥሮ ዕድሜውን ማወቅ ይቻላል የሚባለው ስሕተት ነው፤ በጉልምስናው ከፍተኛውን ካወጣ በኋላ ሲያረጅ ቀንዱም እያነሰ ይሄዳል። በካናዳ ተመራማሪዎች ሰው ሠራሽ ጆሮ ከእውነተኛ የሙስ ቀንድ አጠገብ አድርገው ሲፈትሹ፣ ሰፊው ቀንድ ድምፅን ወደ ጆሮ እንደሚመልስ አግኝተዋል፤ ሴቷ በመስከረም ስትጮኽ ከሩቅ የሚሰማት አንዱም በዚህ ይሆናል።

መስከረም የግጥሚያ ወር ነው። ወንዱ መብላት ይቀንሳል፤ መሬት በሰኮናው ይቆፍርና በሽንቱ አርሶ ይተኛበታል፤ ይህ ለእኛ ግማት ቢሆንም ለሴቷ ሽቶ ነው። ተቀናቃኝ ሲመጣ ሁለቱም ቀንዳቸውን እያወዛወዙ መጠናቸውን ያሳያሉ፤ ብዙ ጊዜ ትንሹ አይቶ ይመለሳል፤ እኩል ከሆኑ ግን ይጋጫሉ፣ ድምፁም ደኑን ያልፋል። ወቅቱ ሲያልፍ ወንዱ ከስቶ፣ ቆስሎ፣ ደክሞ ይቀራል። ከኅዳርና ከታኅሣሥ ጀምሮ በቀንዱና በጭንቅላቱ መካከል ያለው አጥንት ይላላል፤ አንድ ቀንም ቅርንጫፍ ሲነካው፣ ወይም እንዲሁ ሲራመድ፣ አንዱ ቀንድ በረዶ ላይ ይወድቃል። ሌላው ለጥቂት ጊዜ ሊቆይ ስለሚችል ሙሱ ጭንቅላቱ ወደ አንድ በኩል አጋድሎ ይሄዳል። የወደቀው ቀንድ ግን ብዙ አይቆይም። በረዶው ሲቀልጥ በደን ውስጥ ብታገኙት ጫፉን ወደ ዓይናችሁ አስጠጉት፤ ካልሲየም ፍለጋ አይጦችና ሽኮኮዎች ሌሊቱን ሲግጡት ያደሩበትን የጥርስ ምልክት በረድፍ ታያላችሁ።